«የባለቤት ስም» የሚለው መስመር

ሴት ያገባች ሴት በእድር መዝገብ ላይ እንዴት ትጻፍ የሚለውን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ያለው የውይይት መድረክ ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከደረሰብኝ ስድብ ግማሹ ይገባኛል።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን ታውቁታላችሁ። መዝገብ መያዝ፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ሰው ሲሞት በሌሊት ስልክ መደወል። ደመወዝ የለውም፤ ወቀሳ ግን ሞልቷል። በቅርቡ አንዲት ወጣት የአባልነት ቅጽ ሞልታ አመጣችልኝ። ስም፣ አድራሻ፣ የተጠሪ ስልክ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። «የባለቤት ስም» በሚለው መስመር ላይ ግን የሴት ስም ተጽፏል። መስመር የሳተች መስሎኝ ተጠሪሽን እዚህ ጽፈሻታል አልኳት። አልሳትኩም ጋሼ አለችኝ። ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ማኅደር አወጣች። ውስጡ የካውንቲው ፍርድ ቤት ማኅተም ያረፈበት የጋብቻ ወረቀት አለ። ጠርዙ ተልጧል። ብዙ መስኮት ላይ የቀረበ ወረቀት መሆኑ ያስታውቃል።

ቅጹን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለኮሚቴው ከማቅረቤ በፊት ሰው ላማክር ብዬ መድረኩ ላይ ጻፍኩ። ኃጢአት ነው አይደለም ብዬ አልጠየቅኩም። እሱን የሚጠየቅ ሌላ ሰው አለ። ደንባችን አባል፣ ባለቤቱና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹ ይላል። ጋብቻው በዚህ አገር ሕግ የጸና ነው። ታዲያ መዝገቡ ላይ ምን ልጻፍ ነው ያልኩት።

41 መልስ መጣ። ሁለቱን አወያዩ አጥፍቷቸዋል። ኮሚቴው ውስጥ ኢንተርኔት የማይከፍቱ አባቶች አሉ፤ ምን ተባለ እያሉ ስለያዙኝ በቁጥር እየጠራሁ ላውራው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ቁጥር 1 አጭር ነው። እድር የሞት ማኅበር እንጂ የጋብቻ ማኅበር ስላልሆነ መዝግቤ እንዳልፍ መከረኝ። ቁጥር 2 ከዘፍጥረት እስከ ሮሜ ጥቅስ ደረደረ። ርዝመቱ የእኔን ጥያቄ ሦስት እጥፍ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የተጠቀመባትን አንዲት ቃል እንዲያነሳ አወያዩ ጠየቀው፤ ትንሽ አንገራግሮ አነሳት። ቁጥር 3 ደግሞ ዴይተን የሚኖር ሰው አባል መሆን ይችል እንደሆነና መዋጮው ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ይችላል ወንድሜ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ልክ ልኬን የነገረችኝ ቁጥር 4 ናት። ኮሎምበስ ውስጥ ያለው የሐበሻ እድር በጣት የሚቆጠር መሆኑን አስታወሰችኝ። በቅርቡ ቅጽ የሞላችው ወጣት ማን እንደሆነች ለማወቅ አንድ የቡና ወሬ ይበቃል። ምክር የጠየቅኩ መስሎኝ ልጅቷን ገበያ እንዳወጣኋት ነው የጻፈችው። ደነገጥኩ። ጥያቄዬን ወዲያው አስተካከልኩ። እዚህም ሁለት ነገር ሆን ብዬ ቀይሬአለሁ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልነግራችሁም።

ቁጥር 5 ታሪክ አዋቂ ነው። ኦሃዮ በ2004ቱ ምርጫ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው የሚል ማሻሻያ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ማስገባቷን ተረከ። 62 በመቶ ገደማ መራጭ ደግፎታል። ጽሑፉ ዛሬም አልተሰረዘም፤ እንዳይሠራ ያደረገው የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ የፈቀደው የ2015ቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ቁጥር 6 ይህ 2004 በእኛ ነው በእነሱ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 7 በእኛ ጥቅምት 1997 መሆኑን ነገረው። ዘጠና ሰባት የሚለውን ሲሰሙ ሁለት ሰዎች ስለ እኛው ምርጫ ሊጀምሩ ሲሉ አወያዩ ገታቸው። ደግ አደረገ፤ ያ የውይይት ክር አያልቅም ነበር።

ቁጥር 8 ላይ ቆም ልበል። ሰውየው በ2004 አዲስ ዜጋ ነበር። በሕይወቱ የመጀመሪያውን ድምፅ የሰጠው ለዚያ ማሻሻያ ነው። ከሥራ መልስ አራት ሆነው በአንድ መኪና ሄዱ። ድምፅ ሰጥቻለሁ የምትለዋን ተለጣፊ ወር ሙሉ ኮቱ ላይ አኑሯታል። ያላነበበው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ነው። እሱም ግዛቲቱ ላልተጋቡ ሰዎች ጋብቻን የሚመስል ሕጋዊ ደረጃ እንዳትሰጥ ይከለክላል። በቀጣዩ ዓመት የአክስቱን ልጅ አብሯት የሚኖረው ሰው ደበደባት። አልተጋቡም ነበር። የደብዳቢው ጠበቃ ፍርድ ቤት ይዞት የመጣው ይህንኑ ማሻሻያ ሆነ። የቤት ውስጥ ጥቃት ሕጉ ሳይጋቡ የሚኖሩትን እንደ ተጋቡ ስለሚቆጥር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ተከራከረ። በዚያ ሰሞን በኦሃዮ ፍርድ ቤቶች ይህ ክርክር በየቦታው ይነሣ ነበር፤ የተቀበለውም ዳኛ አለ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካርስዌል ጉዳይ ሕጉ አይነካም ብሎ በሩን የዘጋው በ2007 ነው። ቁጥር 8 በሃይማኖቱ ያው ነው፤ ሐሳቡን አልቀየረም። ግን ሌላው ላይ የወረወረው ድንጋይ የአክስቱ ልጅ ግንባር ላይ ማረፉን እስከ ዛሬ አልረሳም። ተለጣፊዋን መቼ እንዳነሳት አልጻፈም።

ቁጥር 9 የቋንቋ ሰው መሆን አለበት። ቅጹ የባል ስም ወይም የሚስት ስም እንደማይል፣ የሚለው የባለቤት ስም እንደሆነ፣ ባለቤት ደግሞ ወንድም ሴትም ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ስለዚህ ልጅቷ የተጠየቀችውን በትክክል መልሳለች ባይ ነው። ሳቅኩ። ቅጹን ያረቀቁት ሰዎች በሕልማቸውም ያላሰቡትን አሰበላቸው። ቁጥር 10 ግን አልሳቀም። በቃል መጫወት የትም እንደማያደርስ በሁለት መስመር ተናግሮ ወጣ።

ክሩ የተለወጠው ቁጥር 11 ላይ ነው። ሰውየው ሲንሲናቲ ይኖራል፤ ለአንድ ቀብር አስፈጻሚ ድርጅት አስከሬን የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ስለ ጋብቻው አስተያየት እንደሌለው አስቀድሞ ተናገረ። እሱ የሚያውቀው የሞት ሰርተፍኬቱን ነው። ቀብር አስፈጻሚው ቤተሰብ እየጠየቀ የሚሞላው ክፍል አለ። ሟች ያገባ ነበር ወይ? በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ስም ማን ነው? ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። አንዴ ከተሞሉ ግን ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ጡረታውም የሚያየው እነሱን ነው። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ ቆሞ ሲጠብቅ አይቷል። ያለቀሰ ሰው እንኳ እዚያ ሳጥን ላይ ሲደርስ ቀና ይላል።

ከዚያ የራሱን ከተማ ሰዎች ታሪክ አመጣ፤ የጆን አርተርንና የጂም ኦበርገፈልን። ከ20 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። አርተር ኤኤልኤስ ያዘው፤ ጡንቻን እያዛለ አልጋ ላይ የሚያስቀረው በሽታ። በጁን 2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤዲት ዊንዘር ጉዳይ የፌዴራሉ መንግሥት እንዲህ ያለውን ጋብቻ እንዲያውቅ ሲወስን፣ እነሱም ለመጋባት ቆረጡ። ኦሃዮ አትፈቅድም። ሜሪላንድ ትፈቅዳለች፤ ፈቃዱን ለማውጣትም ሁለቱም እንዲቀርቡ አትጠይቅም። ኦበርገፈል ብቻውን ሄዶ ፈቃዱን አወጣ። ወዳጅ ዘመድ አዋጣ፤ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶ የሕክምና አውሮፕላን ተከራዩ። ጁላይ 11 ቀን ባልቲሞር አጠገብ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ አረፉ። ከአውሮፕላኑ አልወረዱም። አርተር እንደተኛ፣ አክስቱ እዚያው ውስጥ አጋባቻቸው። ሞተሩ ተነሣ፤ ወደ ሲንሲናቲ ተመለሱ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አል ገርሃርድስታይን የሚባል ጠበቃ ባዶ የሞት ሰርተፍኬት ይዞላቸው መጣ። አርተር ሲሞት ኦሃዮ ያላገባ ብላ እንደምትጽፍ፣ የባለቤት ቦታውም ባዶ እንደሚቀር በጣቱ አሳያቸው። አላሰቡትም ነበር። ከሰሱ። ዳኛ ቲሞቲ ብላክ በዚያው ወር ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጡላቸው። አርተር ኦክቶበር 22 ሞተ፤ ሰርተፍኬቱ ላይም ያገባ ተብሎ ተጻፈ። ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ግዛቲቱ ይግባኝ አለች፤ በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእሷ ፈረደ። ኦበርገፈል ወደ ዋሽንግተን ይዞት የሄደው ጥያቄ እንግዲህ ባሌ ከሞተ በኋላ ታፋቱኛላችሁ ወይ የሚል ነው ማለት ይቻላል። ጁን 26 ቀን 2015 አምስት ለአራት ተፈረደለት፤ በዚያው ፍርድ የመላው አገሩ ክልከላ ወደቀ።

ሹፌሩ አንድ ነገር ጨመረ፤ ይህንን አላውቅም ነበር። ከከሳሾቹ አንዱ ሮበርት ግረን የሚባል ቀብር አስፈጻሚ ነው። የሞት ወረቀት የሚሞላው እሱ ስለሆነ፣ እንዲህ ያገቡ ሰዎች ሲሞቱ ምን ብዬ ልሙላ ብሎ ነው ክሱ ውስጥ የገባው። ይህን ሳነብ መሳቢያዬን አየሁት።

ቁጥር 12 ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ መሆኑን ጻፈ። ኤዲት ዊንዘር ማለት ባለቤቷ ስትሞት 363,053 ዶላር የውርስ ግብር የተጠየቀች ሴት ናት፤ 25 ዶላር ለሚያዋጣ እድርተኛ ምኑ ነው ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 13 በጨዋ ደንብ አረመው። በኦሃዮ ሕግ ሟች በጽሑፍ የወከለው ሰው ከሌለ፣ አስከሬኑ የትና እንዴት ይረፍ የሚለውን የመወሰን ቅድሚያ የትዳር ጓደኛ ነው። አባትና እናት የሚመጡት ከልጆች በኋላ ነው። ይቺ ልጅ ነገ አንድ ነገር ብትሆንና አባቷ ከአገር ቤት ደውለው ልጄን ላኩልኝ ቢሉ፣ ቀብር አስፈጻሚው የሚያስፈርመው ሚስቷን ነው። እድሩ መዘገባት አልመዘገባት፣ ቼኩን ይዞ የሚሄደው እዚያችው ሴት ደጃፍ ነው። ስለዚህ ስሟንና ስልኳን ሳይጨንቅ በፊት ማወቅ ይሻላል የሚል ነው የቁጥር 13 ነገር። ከ41ዱ ለሥራዬ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ቁጥር 14ን ይህ የቆየ ቁስል ነካበት። ሌላ ከተማ ባለ እድሩ ውስጥ አንድ ሰው ሲሞት ሁለት ሚስት ብቅ አሉ። አንዷ አገር ቤት በሰማንያ፣ ሌላዋ እዚህ በካውንቲ። አስከሬኑ 11 ቀን ፍሪጅ ውስጥ ቆየ። ከዚህ በኋላ ክሩ መስመር ሳተ። ከቁጥር 15 እስከ 19 የተወራው ስለ ሁለት ትዳር ብቻ ነው። ማን ማንን ትቶ እንደመጣ፣ ለግሪን ካርድ የተደረገው ጋብቻ እንዴት እውነተኛ ሆኖ እንደቀረ፣ እውነተኛው ደግሞ እንዴት የወረቀት ሆኖ እንደቀረ። በመሃል አንድ ሰው ከ2013 ጀምሮ ኢሚግሬሽን የሚያየው ጋብቻው የተፈጸመበትን ቦታ ሕግ ስለሆነ፣ ለተመሳሳይ ጾታ ባለትዳርም እንደማንኛውም ሰው ማመልከት እንደሚቻል ጣል አደረገ። ማንም አልተከተለውም። ሳቁ ደርቶ ነበር። ቁጥር 2ን የጻፈው ሰውዬም 17 ላይ ተመልሶ ሲስቅ አየሁት። ለባለ ሁለት ሚስቱ ጥቅስ አላመጣም።

ቁጥር 20 እናት ናቸው መሰለኝ፤ አማርኛቸው እርጋታ አለው። ድሮም ቁርባንና ሰማንያ ለየብቻ እንደነበሩ አስታወሱን። ቁርባን የቤተ ክርስቲያን ነው፤ አይፈታም። ሰማንያ በሽማግሌና በውል ነው፤ ከፈረሰም ንብረት ተካፍሎ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰማንያውን ቁርባን ነው ብላ አታውቅም፤ ግን ሰማንያ ያሰረ ሰው ሲሞት ሚስቲቱን ባዕድ ናት ያለ የለም። ልጅቷ የያዘችው ወረቀት የኦሃዮ ሰማንያ ነው፤ ቁርባኑን ለካህኑ ተዉለት የሚል ነው ሐሳባቸው። ካህንም ሆነ ኢማም እዚህ አገር የማያምንበትን ጋብቻ እንዲባርክ አይገደድም፤ ይህንንም ጨምረዋል።

ቁጥር 21 ተቆጣ። ሰማንያም ቢሆን የወንድና የሴት ነው አለ። በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሲዘረዝር ይህንን አያውቀውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እንዲያውም ያስቀጣል። በመረጃው አልተሳሳተም። ግን እናቲቱን አንቺ እያለ ነበር የሚያወርድባቸው። ቁጥር 22 በነገሩ ከእሱ ጋር ተስማምቶ፣ እናቱ የሚሆኑትን አንቺ ማለቱን ግን አጥብቆ ነቀፈ። 21 ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ ክር ላይ ያየሁት ይቅርታ እሱ ብቻ ነው።

ቁጥር 23 የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ናት። ሜሪላንድ በ2012 ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ ስታቀርብ ተቃውማ ነበር የመረጠችው። ሕጉ አለፈ፤ ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ዓመት እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቡና ትሸጥ ነበር። ስለ አርተር አውሮፕላን የሰማችው ግን አሁን ከቁጥር 11 ነው። በዚያ ቀን ፈረቃ ትግባ አትግባ አታስታውስም። የምታስታውሰው በዚያ ሰሞን እጇ በፈላ ወተት መቃጠሉን ነው። ለምን እንደጻፈችው አላውቅም። እኔ ግን ያቺን እጅ ቶሎ አልረሳኋትም።

ከዚያ ይጸናል አይጸናም የሚለው መጣ። ቁጥር 24 የ2015ቱ ውሳኔ መሻሩ እንደማይቀር ተነበየ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በ2022 የውርጃው መብት ሲሻር ይህንንም መልሰን እንየው ብለው ጽፈዋልና። ቁጥር 25 የሰው አመለካከት መለወጡን የሕዝብ አስተያየት በሚሰበስበው በጋሉፕ ቁጥር አስረዳ። በ1996 ደጋፊው 27 በመቶ ነበር፤ በ2023 71 ደረሰ። 24 ተመልሶ በ2025 ወደ 68 መውረዱን አስታወሰው። ቁጥር 26 ሁለቱንም አስቆመ። በዲሴምበር 2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ኦሃዮ የሌላ ግዛት ጋብቻን እንድታውቅ ያስገድዳታል፤ ራሷ እንድታጋባ ግን አያስገድዳትም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቢሻር የ2004ቱ ዓረፍተ ነገር ከተኛበት ይነሣል። ሰው እንደገና ሜሪላንድ ድረስ ሄዶ ያገባል፤ መሄድ የሚችለው። ቁጥር 27 ከወንዙ ማዶ ኬንታኪ የሆነውን ጨመረ። ለእንዲህ ያሉ ጥንዶች ፈቃድ አልሰጥም ብላ በ2015 ለ5 ቀናት የታሰረችው የካውንቲ ሹም ኪም ዴቪስ ጉዳዩን እስከ ዋሽንግተን ወስዳ ነበር፤ በኖቬምበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታዋን ሳያየው መለሰው። 24 ለጊዜው ነው ብሎ ተወው።

ቁጥር 28 የራሳችንን የቀድሞ ሴናተር አነሳ፤ ሮብ ፖርትማንን። ሪፐብሊካን ናቸው። በ1996 ጋብቻን በወንድና በሴት የሚገድበውን የፌዴራል ሕግ ደግፈው ድምፅ ሰጡ። በ2011 ልጃቸው ስለ ራሱ ነገራቸው። በ2013 አቋማቸውን በአደባባይ ቀየሩ፤ የ2022ቱን ሕግ ካሳለፉት ሪፐብሊካኖችም አንዱ ሆኑ። ቁጥር 29 ቀልቧ አልወደደውም። የራስ ልጅ እስኪሆን ድረስ የሰው ልጅ አይታይም ወይ ብላ ጠየቀች። መልስ አላገኘችም።

ቁጥር 30 ነርስ ናት። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል ሁሉ በሽተኛው የመረጠውን ጠያቂ ማስገባት አለበት። መጎብኘት ሌላ፣ መወሰን ሌላ ግን ነው። ራሱን የሳተ ሰው ውክልና ካልተወ መተንፈሻው ይነቀል አይነቀል ተብሎ ቀድሞ የሚጠየቀው የትዳር ጓደኛ ነው። ከ2015 በፊት አንድ ሽማግሌ ያየችውን ጻፈች። 25 ዓመት አብሮት የኖረው ሰው አልጋው አጠገብ ሆኖ ከንፈሩን በጥጥ ያርስለታል። ሌላ ግዛት የምትኖር እህቱ ስትመጣ ሐኪሙ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። የበሽተኛውን መድኃኒት ዝርዝር እህትየው አታውቅም ነበር። በየጥያቄው ዞር እያለች ያንን ሰውዬ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ይነግራታል፤ እሷ ለሐኪሙ ትደግመዋለች። ፊርማው ግን የእሷ ነው።

ቁጥር 31 የመጣው በሌሊት ነው። ኦሃዮ ውስጥ የምትኖር ሴት ናት፤ ከተማዋን አልጻፈችም። ከ2016 ጀምሮ ባለትዳር ናት፤ ሚስት አላት። እናቷ ሲሞቱ ብቻዋን ሄደች። ቀለበቷን አውሮፕላኑ ውስጥ አውልቃ ከግሪን ካርዷ ጋር በዚፕ ኪስ ቆለፈችባት። ለቅሶ ቤት የመጣ ሁሉ መቼ ነው የምታገቢው እያለ ጠየቃት። ማታ ማታ የሚደወልላትን ስልክ መታጠቢያ ቤት ገብታ ነበር የምታነሳው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው የሚገምተው ነው። ከተመለሰች በኋላ ግን እድሯ ሊያጽናናት ቤቷ መጣ፤ 30 ሰው ይሆናል። ሚስቷ ወንበር ከጎረቤት ተውሳ ደረደረች። ሻይ አፈላች። ስኳሩንና ኩባያውን አሰናዳች። ከዚያ ኮቷን ለብሳ ወጣች። እንግዳው እስኪሄድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥግ ላይ ያቆመችው መኪና ውስጥ ተቀመጠች። ወሩ ፌብሩዋሪ ነበር። እድርተኛው ሻዩን አመስግኖ ጠጣ፤ ወንበሩን ማን እንደደረደረው የጠየቀ የለም።

ከዚህ በኋላ ለአምስት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 32 አይዞሽ እህቴ ብቻ ነው። 33 እና 34 የጠፉት ናቸው። ሳይጠፉ አንብቤአቸዋለሁ፤ እዚህ አልደግማቸውም። ቁጥር 35 ቁጥር 2ን የጻፈው ሰውዬ ነው። አቋሙ አልተነቃነቀም፤ ኃጢአት ነው እንዳለ ነው። ለቅሶ ላይ ግን የቤት ሰው ከቤቱ አይወጣም፣ ይህ ነውር ነው ብሎ ጻፈ። ነውሩ የማን እንደሆነ አላብራራም።

ከ36 እስከ 40 ያለው ስለ አሠራር ነው። አንዱ ጠቅላላ ጉባኤ ይወስን ሲል፣ ሌላዋ በጉባኤ ፊት ማውጣት ማለት የልጅቷን ስም ማውጣት ነው ብላ ከቁጥር 4 ጋር አያያዘችው። አንዱ የባለቤት መስመር ጨርሶ ወጥቶ በምትኩ ተጠሪ ይግባ አለ። ይህ ባለትዳሩን ሁሉ አስቆጣ። 38 ሕግ የሚያውቅ ሰው ይመስላል፤ እድሩ የተመዘገበ ማኅበር ከሆነ ደንቡን ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ ከመተርጎሙ በፊት ጠበቃ ያማክር ብሎ አስጠነቀቀ። የዴይተኑ ሰውዬ 39 ላይ ተመልሶ መዋጮው በወር ነው በዓመት ብሎ ጠየቀ። በወር ነው ወንድሜ።

ቁጥር 41 ስም የለውም። ማን እንደጻፈችው ግን አውቄአለሁ፤ ቅጹ ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ያነበበ ሰው ብቻ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀችው። የነጠላ መዋጮ 15 ዶላር ነው፤ የቤተሰብ 25። የትኛውን ልክፈል ነው ያለችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ስለ 31 እንኳ አላነሳችም።

መድረኩ ላይ አልመለስኩላትም። እሑድ ዕለት አዳራሹ መጣች። ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ተራዋን ጠበቀች። ሁለት አሥርና አንድ አምስት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ደረሰኙ ላይ ነጠላ እና ቤተሰብ የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም፤ ቅጿም ከመሳቢያው አልወጣም። ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች ቶሎ በል እያሉኝ ነው። ቤተሰብ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩና ቆርጬ ሰጠኋት።